ድንጋዩን ማን ያወርደዋል?

በ1886 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ራስ መንገሻ ዮሐንስ ከትግራይ ተነሥተው አዲስ አበባ ገቡ። ራስ አሉላም አብረዋቸው ነበሩ። ከዐፄ ምኒልክ ፊት የቀረቡት ድንጋይ ተሸክመው ነው። በምን እንደ ተቃቃሩ የታሪክ መጻሕፍት በሰፊው ጽፈውታል፤ ማን ማንን ይበልጥ በደለ የሚለውም እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ ወደዚያ አልገባም። የሚደንቀኝ ድንጋዩ ነው። የአገራችን ሰው በድሎ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲሄድ ድንጋይ ከትከሻው ወይም ከማጅራቱ ላይ ያደርጋል፤ ሽማግሌዎች ከፊቱ ይቀድማሉ፤ እሱ ጎንበስ ብሎ ይጠብቃል። ያነሣው ራሱ ነው፤ ማንም አላሸከመውም። ማውረድ ግን የእሱ ፈንታ አይደለም። «በል አውርደው» የሚለው የተበደለው ሰው ነው። መጠበቁ ሰልችቶት በገዛ እጁ ቢጥለው ሽምግልናው ፈረሰ፤ ሰውየውም እንደ መጣ ተመለሰ። ራስ መንገሻ ምሕረት አገኙ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ድንጋይ ተሸክመው የመጡት መኳንንት አድዋ ላይ ከዐፄው ወገን ተሰልፈው ተዋጉ።

ይህን ያነሣሁት ሰሞኑን ከየአቅጣጫው የምሰማው አንድ ምክር ስላልተዋጠልኝ ነው። «ራስህን ይቅር በል» ይሉናል። ከስብከት መድረክ ይሰማል፤ በኤፍ ኤም ሬዲዮ የምክር ሰዓት ይሰማል፤ በየቴሌግራሙ ከፀሐይ መውጫ ፎቶ ጋር ይለጠፋል። ምክሩ ከክፋት የመጣ አይደለም። የሚመክሩት ሰዎች በአንድ ስሕተት ምክንያት ራሱን ሲቀጣ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ያዩ ናቸው፤ አዝነውለት ነው። ነገር ግን ያለብኝን ዕዳ እኔው መሰረዝ ከቻልኩ መጀመሪያውኑ ዕዳ አልነበረብኝም። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ማንም በሌለበት ራሱን በነጻ ያሰናበተ ሰው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቶ ይግባኙን መስማት ይጀምራል። ዳኛውም ተከሳሹም ዐቃቤ ሕጉም እሱው ስለሆነ ፋይሉ አይዘጋም።

ይህን ነገር ከሁሉ አጥርታ የተናገረችው የሃይማኖት ሰው ያልሆነች ፈላስፋ መሆኗ ይገርመኛል። ሃና አረንት ከናዚ ጀርመን የተሰደደች አይሁዳዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመችው «የሰው ልጅ ሁኔታ» በሚለው መጽሐፏ፣ ሰው ያደረገውን ነገር ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳልተደረገ ማድረግ አይችልምና፣ ይቅርታ ባይኖር ኖሮ እያንዳንዳችን ዕድሜ ልካችንን በአንዲት ድርጊታችን ታስረን እንቀር ነበር ትላለች። ይቅርታ በሰዎች ጉዳይ ውስጥ ያለውን ኃይል ያገኘው የናዝሬቱ ኢየሱስ እንደሆነም ትመሰክራለች። ቀጥላ ደግሞ ማንም ሰው ራሱን ይቅር ሊል እንደማይችል ትጽፋለች፤ ይቅርታ ሌላ ሰው እንዲኖር ግድ ይላል። ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ የሚጠና ገበሬ ይህን መጽሐፍ ሳያነብ ያውቀዋል።

ውድቀት ስንል ሁለት ነገር እንደባልቃለን። ፈተና የወደቀ፣ ንግዱ የከሰረበት፣ ዐረብ አገር ሄዶ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ወደቀ እንላለን። ሚስቱን የከዳ፣ አደራ የበላ፣ በሐሰት የመሰከረ ሰውም ወደቀ እንላለን። ለመጀመሪያው ዓይነት የቅዱስ ያሬድ ትል ትበቃለች፤ እየወደቀች ስትወጣ ያያት ልጅ ተጽናንቶ ወደ ትምህርቱ ተመልሷል። ያሬድ ግን ትምህርት አልገባ አለው እንጂ ማንንም አልበደለም። ሰባኪዎቻችን ሁለቱን ሲያምታቱ፣ አደራ የበላውን ሰው «አይዞህ፣ እንደገና ሞክር» ብለው ይሸኙታል። ምኑን ነው እንደገና የሚሞክረው?

የአዲስ ዓመት ሰሞን በየቤቱ የሚሰቀለው የጳውሎስ ቃልም እንዲሁ ከቦታው ተነቅሎ የወጣ ነው። ከእስር ቤት ለፊልጵስዩስ ሰዎች በጻፈው መልእክት፣ ከኋላው ያለውን እየረሳ ከፊቱ ወዳለው እንደሚዘረጋ ይናገራል። እኛም ያለፈውን ስሕተት ስለ መርሳት የተናገረ አድርገን እንወስደዋለን። ከፍ ብሎ ያለውን ለሚያነብ ሰው ግን ጳውሎስ ከኋላዬ ብሎ የዘረዘረው ስሕተቱን ሳይሆን መመኪያውን ነው፤ የብንያም ነገድ መሆኑን፣ በስምንተኛው ቀን መገረዙን፣ ፈሪሳዊነቱን፣ በሕጉ በኩል ነቀፋ የሌለበት መሆኑን። ቤተ ክርስቲያንን ማሳደዱን እንኳ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ያገባው ለቅንዓቱ ማስረጃ አድርጎ ነው። ስሕተቱንማ መቼ ረሳው? ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ያነሣዋል፤ ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ ያነሣዋል፤ በኢየሩሳሌም ሕዝብ ፊት፣ በንጉሥ አግሪጳ ፊት ቆሞ ይናገረዋል። የእስጢፋኖስ ገዳዮች ልብሳቸውን ያስቀመጡት እግሩ ሥር እንደነበር ያወቅነው ሐዋርያው ራሱ ሳይደብቀው ነው። ረስቶ ቢሆን ኖሮ እኛም ባላወቅነው።

እንግዲህ መርሳት ካልሆነ ምንድነው?

የጴጥሮስን ታሪክ ሁላችንም የምናውቀው ይመስለናል። ሌሊት ነው፤ ይበርዳል። በሊቀ ካህናቱ ግቢ ሎሌዎቹ ፍም አያይዘው ይሞቃሉ፤ እሱም አብሯቸው እጁን ዘርግቶ ይሞቃል። መጀመሪያ የጠየቀችው በር ጠባቂዋ አገልጋይ ናት። ጦር የያዘ ወታደር አልመጣበትም፤ ማንም አልያዘውም፤ ጅራፍ አላየም። የገሊላ አነጋገሩም አጋለጠው። ትልቅ ሰው በትንሽ ነገር ወደቀ፤ ከሁሉም የሚያሳፍረው ውድቀት እንዲህ ያለው ነው። በሰይፍ ፊት የወደቀ ሰው ቢያንስ ሰይፉን ይጠቅሳል። በአገልጋይ ጥያቄ ፊት የወደቀ ሰው ምን ይጥቀስ? ዶሮ ጮኸ፤ ሉቃስ እንደሚለው ጌታ ዘወር ብሎ አየው፤ ጴጥሮስ ወጥቶ አለቀሰ።

ከዚያች ሌሊት እስከ እሑድ ማለዳ ስለ ጴጥሮስ አንድም ነገር አልተጻፈም። ከመስቀሉ ሥር አልታየም፤ ሲቀበርም የለም። እሑድ ማለዳ ግን መቃብሩን ከፍቶ ያገኘችው ማርያም መግደላዊት ወደ ማን ሮጠች? ወደ እሱ። የት እንደሚገኝ ታውቅ ነበር ማለት ነው። ለእኔ የጴጥሮስ ንስሐ ከእንባው ይልቅ እዚህ ላይ ይታየኛል። አፍሮ ወደ ገሊላ መንደሩ በሌሊት ሊጠፋ ይችል ነበር፤ አልጠፋም። እንደ ካደ በሚያውቁ ሰዎች መካከል ተቀምጦ ነበር።

ይሁዳም ተጸጽቷል፤ ይህን ብዙ ጊዜ ዘልለን እናልፈዋለን። ሠላሳውን ብር መልሷል። የንጹሕ ሰው ደም አሳልፎ እንደ ሰጠ በግልጽ ተናግሯል። በቃል ደረጃ ካየነው ኑዛዜው ከጴጥሮስ ይልቅ የተሟላ ነው፤ ጴጥሮስ እኮ አልቅሷል እንጂ ምን እንዳለ አልተጻፈም። ይሁዳ ግን የሄደው ወደ ካህናቱ አለቆች ነው። እነሱ ደግሞ ጉዳዩ የራስህ ነው ብለው ሸኙት። ድንጋዩን ተሸክሞ የተሳሳተ ደጅ ቆመ። ከዚያ በኋላ ብቻውን ቀረ፤ ራሱ ፈረደ፣ ፍርዱንም ራሱ ፈጸመ።

ጌታ ከትንሣኤው በኋላ ለስምዖን ለብቻው እንደ ታየው ሉቃስም ጳውሎስም ይነግሩናል። ምን እንደ ተነጋገሩ ግን ሁለቱም አልጻፉም። ይህን ዝምታ እወደዋለሁ። ወንጌል ሁሉን አደባባይ የሚያወጣ መጽሐፍ ሆኖ ሳለ እዚህ ላይ በሩን ዘጋብን።

የሚከፈተው ኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ነው። ጴጥሮስና ጓደኞቹ ዓሣ ሲያጠምዱ ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ምንም አልያዙም። ሲነጋ ከባሕሩ ዳር አንድ ሰው ቆሟል፤ መረቡም 153 ትላልቅ ዓሣ ያዘ። ጴጥሮስ ጌታ መሆኑን ሲሰማ ልብሱን ታጥቆ ዘልሎ ገባ፤ ሁለት መቶ ክንድ ያህል ርቀት ለመጠበቅ አልታገሠም። ባሕሩ ዳር ሲደርስ ፍም ተያይዟል፤ በላዩ ዓሣ አለ፣ እንጀራም አለ። ዮሐንስ ፍም የሚያነሣው በወንጌሉ ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ አንዱ ክህደቱ የተፈጸመበት፣ ሌላው ይህ። ጴጥሮስ ሽታው ሲመጣበት ምን እንደ ተሰማው ለመገመት ጸሐፊ መሆን አያስፈልግም።

ታዲያ ምሳው ካበቃ በኋላ የሆነውን በጥሞና ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ለምን ካድኸኝ የሚል ጥያቄ የለም። ይቅር ብዬሃለሁ የሚልም ቃል በዚያ ምዕራፍ ውስጥ የለም። ትወደኛለህን ተብሎ ሦስት ጊዜ ተጠየቀ፤ በሦስተኛው አዘነ፤ በእያንዳንዱ መልሱ ላይም ሥራ ታዘዘ። በጎች ተሰጡት። ሰው ፈርቶ የሸሸ ሰው የሚፈሩ ሰዎች ጠባቂ ሆነ። ጴጥሮስ ይቅርታ ማግኘቱን ያወቀው ደስ ስላለው አይደለም፤ እንዲያውም አዝኖ ነበር። ያወቀው ሥራ ስለ ተሰጠው ነው። ብዙዎቻችን ግን የምንጠብቀው ስሜት ነው። አንድ ቀን ጠዋት ስንነሣ ቀልሎን፣ ያ ነገር ጠፍቶ እንድናገኘው እንፈልጋለን፤ ያ ጠዋት እስኪመጣ ድረስ ሥራውን እናቆየዋለን። ጴጥሮስ ያን ጠዋት ቢጠብቅ ኖሮ በዓለ ሃምሳ ያልፈው ነበር።

ሥራው ከተሰጠው በኋላ ያደረገው የመጀመሪያ ነገር ያስቀኛል። ዘወር ብሎ የሚከተላቸውን ሌላውን ደቀ መዝሙር አየና፣ ይህስ እንዴት ይሆናል ብሎ ጠየቀ። ያ ደቀ መዝሙር ከመስቀሉ ሥር የቆመው፣ ያልሸሸው ነው። የወደቀ ሰው ዓይን ካልወደቀው ላይ አይነሣም! የተሰጠው መልስ አጭር ነበር፤ አንተን አይመለከትህም፣ አንተ ተከተለኝ የሚል።

ከዚያ ወዲያ ጴጥሮስ አልወደቀም ብሎ የሚሰብክ ሰው የገላትያን መልእክት አላነበበም። አንጾኪያ ላይ ከአሕዛብ ክርስቲያኖች ጋር በአንድ ማዕድ ሲበላ ቆይቶ፣ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ፈርቶ ራሱን ለየ። እንደገና ፍርሃት፤ እንደገና የሰው ዓይን። ጳውሎስ በሰው ሁሉ ፊት ተቃወመው። ተራራ ላይ ክብሩን ያየ፣ በጥላው ድውይ የፈወሰ ሐዋርያ በዚያው በድሮው በሽታው ተያዘ። ይህን ማወቅ ለብዙ ሰው የሚያስፈራ ነው፤ ለእኔ ግን እረፍት ነው። ይቅርታ የተደረገለት ሰው ጠባዩ አብሮ አልተሰረዘለትም። በጎቹም ግን አልተነጠቁበትም። በኔሮን ዘመን ሮም ላይ በሰማዕትነት ያለፈው ያው የፈራው ሰው ነው፤ ሐምሌ 5 ቀን የሰኔን ጾም ፈትተን በዓላቸውን የምናከብርላቸው ሁለቱ ሐዋርያት ደግሞ አንዱ ካጂ፣ ሌላው አሳዳጅ ነበሩ።

የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ይህን ጉዳይ በወንጌል ገጽ ላይ ብቻ አላነበበችውም፤ ደጇ ድረስ መጥቶባታል። እ.ኤ.አ. በ250 ንጉሥ ዳኬዎስ ሰው ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ፣ መሠዋቱንም የሚያረጋግጥ ወረቀት እንዲይዝ አዘዘ። ከእነዚህ ወረቀቶች አንዳንዶቹ ከግብፅ አሸዋ ውስጥ ወጥተው ዛሬም ይነበባሉ። ብዙ ክርስቲያን ሠዋ። አንዳንዱ ሳይሠዋ በገንዘብ ወረቀቱን ገዛ። መከራው ሲያልፍ እነዚህ ሁሉ እያለቀሱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለሱ። ምን ይደረጉ? ሮም ላይ ኖቫትያን የተባለው ቄስ በፍጹም አይመለሱም ብሎ የራሱን ማኅበር አቆመ። የካርታጎው ቆጵርያኖስና አብረውት ያሉ ጳጳሳት ግን በ251 ተሰብስበው የንስሐውን መንገድ ከፈቱ፤ እንደ በደሉ ክብደት ረጅም ወይም አጭር ይሆናል።

ከ74 ዓመት በኋላ በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ያወጡት 11ኛው ቀኖና በንጉሥ ሊቂንዮስ ጊዜ ሳይገደዱ፣ ንብረታቸው ሳይወረስ፣ አደጋ ሳይመጣባቸው የካዱትን ይመለከታል። ለእንዲህ ያለው ሰው ምሕረት አይገባውም፤ ይሁንና ይማር ይላሉ። ሦስት ዓመት ከሰሚዎች ጋር ይቁም፤ ሰባት ዓመት ይስገድ፤ ሁለት ዓመት ከምእመናኑ ጋር ይጸልይ እንጂ አይቁረብ። 12 ዓመት! ዛሬ እንዲህ ያለ ቀኖና የሚሰጥ ካህን ቢኖር በማግሥቱ በማኅበራዊ ሚዲያ መነጋገሪያ ይሆን ነበር። እኔ ግን ያን ቀኖና ባነበብሁ ቁጥር የሚታየኝ ምሕረቱ ነው፤ ምክንያቱም ቁጥር አለው። ዐሥራ ሦስተኛ ዓመት አለው። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ሰው ከማንም ክርስቲያን አያንስም፤ እያነሰ ልኑር ቢልም አይፈቀድለትም። ጸጸት ግን ቁጥር የለውም። «ይቅር ባይ አምላክ ነው» እያለ ሃያ ዓመት ሙሉ በየሌሊቱ ራሱን የሚቀጣ ሰው ከኒቅያ አባቶች ይልቅ ጨካኝ ነው፤ ጭካኔውም በራሱ ላይ ስለሆነ ትሕትና ይመስለዋል።

በዚያው ጉባኤ ላይ ስለ ተገኘ አኬስዮስ ስለሚባል የኖቫትያን ወገን ጳጳስ፣ የታሪክ ጸሐፊው ሶቅራጥስ ያስቀመጠው ወግ አለ። ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ በሃይማኖቱ ከተስማማህ ለምን ተለየህ ብሎ ሲጠይቀው፣ በዳኬዎስ ጊዜ የሆነውን ነግሮ ከጥምቀት በኋላ በከባድ ኃጢአት የወደቁትን እንደማይቀበሉ አስረዳው። ንጉሡም እንግዲያስ መሰላል አቁምና ለብቻህ ወደ ሰማይ ውጣ አለው ይባላል። ቆስጠንጢኖስን ብዙ ነገሩን አልወድለትም፤ ይህችን ግን ብሏት ከሆነ ጥሩ ብሏል።

የቁጥሩ ነገር እኛም ዘንድ አለ። የስቅለት ዕለት ወደ ማታ፣ ስግደቱ ሲያበቃ፣ ሕዝቡ በተራ ወደ ካህናቱ ይቀርባል። ካህኑ የወይራ ቅጠል ይዟል። ጎንበስ ያለውን ሰው ጀርባ በቅጠሉ ቸብ ቸብ ያደርገዋል፤ ጥብጣቤ እንለዋለን። ጀርባው በላብ የረጠበ ጎረምሳ ጆሮው ሥር አንድ ነገር ሹክ ይላል፤ ካህኑ ቁጥር ይነግረዋል። ልጁ ወደ ዳር ሄዶ ነጠላውን መሬት ላይ ዘርግቶ ይሰግዳል፤ ከንፈሩ ሲቆጥር ይታያል። ከዚያ ተነሥቶ፣ ግንባሩ ላይ አቧራ እንዳለ፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቁጥሩ ስላለቀ።

ይህ ሁሉ እያለ ታዲያ እሑድ ቅዳሴ ላይ ምን እናያለን? ሥጋ ወደሙ ሲወጣ ሰልፉ ውስጥ ያሉት በአብዛኛው ሕፃናትና ሽማግሌዎች፣ አልፎ አልፎም በተክሊል የተጋቡ ወጣቶች ናቸው። መካከለኛው ዕድሜ፣ ሙሉ ሰው የሚባለው፣ ነጠላውን አጣፍቶ ዛፍ ሥር ቆሟል። «ለምን አትቆርብም?» ቢሉት «እኔ? ብቁ አይደለሁም» ይላል። ብቁ ሆኖ የቀረበ ሰው የት አለ? የንስሐ አባት አለው፤ ለፋሲካ ቤቱን ሲባርኩ አብሯቸው ቡና ይጠጣል፤ ሲሸኛቸው «አባ ይፍቱኝ» ይላል፤ እሳቸውም «እግዚአብሔር ይፍታህ ልጄ» ብለው ያሳልሙታል። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ስላደረገው ነገር ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ድንጋዩን ተሸክሞ ደጃፉ ድረስ ይመጣል፤ በሩን ሳያንኳኳ ይመለሳል።

ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ችግሩ በሌላ በኩል ይመጣል። እዚያ ምስክርነት አለ፤ ሰው ተነሥቶ ድሮ እንዲህ ነበርኩ፣ ጌታ እንዲህ አደረገኝ ይላል። መልካም ልማድ ነው፤ ብዙ የተሰበረ ሰው ያቆማል። ግን እየተደጋገመ ሲነገር ድሮው እየተኳለ የሚሄድበት ጊዜ አለ። የጠጣው መጠጥ በየዓመቱ ይጨምራል፤ የተደባደበው ሰው ይበዛል። ያለፈውን ጥዬዋለሁ የሚለው ሰው መድረክ ላይ ያለ ያለፈው ታሪኩ የሚናገረው እንደሌለው ይታወቅበታል። ጴጥሮስ ክህደቱን ባይደብቅም መተዳደሪያው አላደረገውም። ከቀደሙት አበው አንዱ ፓፒያስ እንዳቆየልን ማርቆስ የጴጥሮስ አስተርጓሚ ነበርና፣ በማርቆስ ወንጌል ውስጥ ያለው የክህደት ታሪክ ከጴጥሮስ አፍ የተሰማ መሆን አለበት። ያለ ምክንያት፣ ያለ ማስተባበያ፣ ያለ ማጋነንም ተጽፏል።

የቀረ ትዝታ ምን ይሠራል ለሚለው ደግሞ ሙሴ ጸሊም አለልን። ስንክሳር ሰኔ 24 ቀን የሚያስበው ይህ ኢትዮጵያዊ የሽፍቶች አለቃ ነበር፤ ኋላ በግብፅ በአስቄጥስ በረሃ መነኰሰ። አንድ ወንድም አጥፍቶ ሊፈርዱበት በተሰበሰቡ ጊዜ አባ ሙሴ ይምጣ ተባለ። አልመጣም። ደግመው ላኩበት። መጣ፤ የሚያንጠባጥብ ማሰሮ ውኃ ከጀርባው ተሸክሞ ነበር። ምንድነው ሲሉት፣ ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈስሳል፣ እኔ አላየውም፣ ግን በሌላው ላይ ልፈርድ መጣሁ የሚል መልስ ሰጣቸው። ወንድሙን ሳይፈርዱበት ተዉት። ሙሴ የድሮውን አልረሳም፤ ራሱን ሊቀጣበትም አልተሸከመውም። ለሌላ ሰው መዳኛ አደረገው። ያ ወንድም የተረፈው በሙሴ ያለፈ ሕይወት ነው። ሊሞት ሲልም ዘራፊዎች ሲመጡ እንዲሸሹ መነኰሳቱን አሰናብቶ እሱ ቀረ፤ በሰይፍ የኖረ በሰይፍ እንደሚያልፍ ስንት ዘመን ሲጠብቅ መኖሩን ተናግሮ።

ከድንጋዩ ወግ ወዲህ የተናገርሁት ሁሉ ግን አንድ ሰው ያልጠቀስሁበት ነው፤ የተበደለውን ሰው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው ተረታችን ስለ ጸጸትና ስለ ይቅርታ የሚጻፍ ጽሑፍ ሁሉ ራስጌ ላይ መሰቀል ነበረበት። ዘኬዎስ ከዛፉ ከወረደ በኋላ የቀማውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናግሯል። ወንጌል መባህን መሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ሲል፣ ወንድምህ በአንተ ላይ ቅሬታ ካለው ነው የሚለው፤ አንተ በእሱ ላይ ካለህ አይልም።

እንበልና አንድ የዕቁብ ዳኛ ነበር። ከዓመታት በፊት የሰው ዕጣ በላ። ዕጣው የጉልት ነጋዴ የሆነች ሴት ነበር፤ ለልጇ ትምህርት ቤት ልትከፍልበት ያሰበችው። ሳይመልስ ሰፈር ቀየረ። አሁን ሥራ አለው፣ ልጆች አሉት፣ በሰንበቴ ማኅበርም አባል ነው። አንድ ቀን እንደ ምንም ደፍሮ ለንስሐ አባቱ ነገራቸው። አባ ዝም ብለው ሰሙት።

«ገንዘቡን መልሰሃል?»

«አልመለስኩም አባ። ብዙ ዓመት ሆነው እኮ።»

«ሰማሁ። ሴትየዋን ፈልጋት።»

ፈለጋት። ሰፈሩ ፈርሷል። ጉልቱ የነበረበት መንገድ ሰፍቶ፣ የእግረኛ መንገድ ተነጥፎበት፣ አበባ ተተክሎበታል። ጎረቤቶቿ ወደየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል። አንዱ ገላን ናት አለው፤ ሌላዋ ልጇ ቤሩት ወስዳታለች አለችው። ስሟን ሲጠይቁት ሰፈር ውስጥ ከሚጠሯት ቅጽል ስም ሌላ እንደማያውቅ ያን ጊዜ አወቀ። ወደ አባ ተመለሰ።

«አላገኘኋትም። ለነዳያን ሰጥቼ ልገላገለው?»

«ለነዳያን መስጠትህን ማን ከለከለህ? ስጥ። የእሷ ግን የእሷ ነው። ለብቻው አስቀምጠህ ፈልጋት።»

«ሞታ ቢሆንስ?»

«ልጅ አላት አላልክም? ልጅቷን ፈልግ።»

«እስከዚያ ታዲያ ምን ልሁን?»

አባ አስቀድመው የሰጡትን ቀኖና በጣታቸው ቆጠሩ፤ ስግደቱን፣ ጾሙን፣ ዳዊቱን። ፈጸምሁ አላቸው። «እንግዲያስ ቅዳሜ ማታ ምግብ ሳትነካ እደር፤ እሑድ ቅዳሴ አብረን እንገባለን» አሉት። «ማክሰኞ ደግሞ ገላን ትሄዳለህ፤ የሰው ቤት እየጠየቅህ።»